ሳይናወጥ የቆየው ጠርሙስ

የዚያን ዓመት ጷጉሜ ሳስብ መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የቆርቆሮው ድምፅ ነው። ክረምቱ አልወጣም ብሎ ሙጭጭ ያለበት ዓመት ነበር። ደመናው ከጎንደራችን ከጎሃ ኮረብታ አልነሣ ብሎ፣ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ እየሸተተ፣ ግድግዳው ወርዝቶ፣ ሰዉም ፀሐይ ናፍቆት ፊቱ ገርጥቶ ነበር። ጷጉሜ መቼም ለብቻዋ ናት። አሮጌው ዓመት አልቋል፣ አዲሱ አልገባም። እንደ ደጀ ሰላም ናት፤ ውጭም አይደለሽ፣ ውስጥም አይደለሽ። ያኔ በልቤ ደስታና ፍርሃት አብረው ይገቡብኝ ነበር። አሁንም በየዓመቱ ይመጡብኛል፤ ደስታው ግን ቀንሷል።

ጷጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነው። ሊቃውንቱ ርኅወተ ሰማይ ይሉታል፤ ሰማይ የሚከፈትበት ቀን ማለት ነው። በዚያ ቀን የዘነበ ሁሉ ጸበል ነው። ልጅ የተባለ ልብሱን ጥሎ ይወጣል፣ አዋቂው ደግሞ ያለውን ዕቃ ከአሸንዳው ሥር ይደቅናል። የዚያን ዓመት ዶፉ ሲወርድ የእኅቴ ልጅ አንዱዓለም ራቁቱን በግቢው መካከል እየዘለለ «ሩፋኤል አሳድገኝ! ሩፋኤል አሳድገኝ!» ሲል ዛሬም ይታየኛል። ገና ጥርሱን መንቀል መጀመሩ ነበር። ታላቅ እኅቱ ምስጢር አድጌያለሁ ብላ ልብሷን አላወልቅም አለች፤ ከነቀሚሷ ገብታ እጁን ይዛ አብራው ትዘላለች።

የምጽፈው ስለዚች ስለ ምስጢር ነው። እኔ ባንቺአየሁ እባላለሁ፤ የእናቷ የወለተ ሚካኤል ታላቅ እኅት ነኝ። ትምህርቴ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ከቆጠርኩት ብዙም አያልፍ፤ ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢል የማስታውሰው እንዲያ ስለሚመጣልኝ ነው።

ስሟን ያወጣላት አባቷ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ነው። የቅኔ መምህር ነበርና ምስጢር የሌለው ነገር ለሱ ነገር አልነበረም። ልጅቱ ግን አፏ ላይ ነገር አያድርም። ወጡን ማን እንደቀመሰ፣ እንስራውን ማን እንደሰበረ፣ ሳትጠየቅ ነው የምትናገር። «ስሟ ምስጢር፣ አፏ ደወል» እያልን እንስቅባት ነበር። አንዱዓለም ድኾ ሳይነሣ መሪጌታ ሞተብን። ወለተ ሚካኤል ሁለቱን ልጆች ከደብራችን ቅጥር በታች በምትገኝ አንዲት ቤት አሳደገቻቸው። እኔ ግድግዳ ለግድግዳ ነበርኩ፤ ስታስነጥስ ይማርሽ የምላት ከቤቴ ሆኜ ነው።

አንዱዓለም የሚጥል በሽታ ነበረበት። እየተጫወተ ሳለ ዓይኑ ይቆማል፣ ከዚያ ወደቀ ማለት ነው። ሆስፒታል ወስደነው ሽሮፕ ሰጡት፤ ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ማንኪያው ላይ የሚዝለገለግ። ነርሷ «እናት፣ ከመስጠትሽ በፊት ሁልጊዜ ጠርሙሱን ነቅንቂው፤ እንዳትረሺ» አለቻት። አልረሳችም። ስትነቀንቀው ድምፁ እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ያን ክረምት ልጁ አንድም ቀን አልወደቀም። ወለተ ሚካኤልም ፊቷ ፈካ፤ ከኀዘኗ በኋላ መጀመሪያ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

የሩፋኤል ዝናብ ሲያባራ ከወለቃ በተገዛ አዲስ ማሰሮ ያጠራቀመችውን ውሃ በነጭ ጨርቅ አጥልላ፣ ከሽሮፑ ጠርሙስ ላይ እስከ አንገቱ ሞላችበት። መድኃኒቱ ጎድሎ ነበር፤ ልጁም «ወፍራም ነው፣ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል» እያለ ይተፋው ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የሐኪሙና የመልአኩ አንድ ላይ ሲሆን ይበረታል ብላ ነው። ማናችንም ነውር አላየንበትም። ነውር ያየችበት ምስጢር ብቻ ነበረች፤ እሷም በውሃው አይደለም።

«እማዬ፣ ነቅንቂዋ!»

«እረፊ አንቺ! ጸበል የገባበትን እንደ እርጎ ልናጠው?»

ከዚያ ቀን ወዲህ የጠርሙሱ ድምፅ እኔ ቤት አልተሰማም። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የመልአኩ ሥዕል ሥር አስቀመጠችው። ለልጁ ስትሰጠው እንደ ጽዋ በሁለት እጇ በቀስታ ታነሣዋለች፣ ከላይ ከላዩ ትቀዳለች፣ ሳታንቀጠቅጥ መልሳ ታስቀምጠዋለች። እንዲያ ያለ አክብሮት በመቅደስም አላየሁ።

እንቁጣጣሽ ዕለት አንዱዓለም ወደቀ። ደግሞ ወደቀ። ደመራ በተለኮሰ ማግስት በጠዋቱ ያዘውና አልለቅ አለ። ተሸክመን ሆስፒታል ስናደርሰው ነፍሱ ወጥታ ነበር።

ከቀብር ስንመለስ ምስጢርን መስኮቱ ጋ ቆማ አገኘኋት። ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አንሥታ ታየዋለች። ላዩ ውሃ የመሰለ ነው፤ ታቹ ግን እንደ ኖራ ነጭ፣ ድፍድፍ ያለ።

«አክስቴ» አለችኝ፣ «መድኃኒቱ እዚህ ታች ነው ያለው። አንዱዓለም የጠጣው ላይ ላዩን ነው።»

«ዝም በይ፣ እናትሽ ትሰማለች።»

በሕይወቷ አንድ ጊዜ ዝም አለች። ጠርሙሱን ተቀበልኳት፤ ጸበል ያለበት ነገር እግር በሚረግጠው ቦታ አይፈስምና ከደብሩ ወይራ ሥር አፈሰስኩት። ወለተ ሚካኤል ስለ ጠርሙሱ አልጠየቀችም። «እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሣ» አለች፤ እኛም በዚያው ተውነው።

ምስጢር አልተወችውም። በትምህርቷ ሒሳብ ላይ ወጣላት። ከዩኒቨርሲቲው ተመርቃ እዚያው አስተማሪ አድርገው አስቀሯት፤ ቀጥላም ሁለተኛውን ዲግሪ ጀመረች። ምን እንደምታጠና ስትጠየቅ አትደብቅም። «በወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ያለ ጠጣር ቅንጣት እንዴት እንደሚዘቅጥ በኮምፒውተር አሰላለሁ» ትላለች። ከዚህ ውስጥ ለሰፈሩ የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነው። የሚካኤል ማኅበር ላይ ታየች የምትባል ጎረቤታችን እኅቴን «ልጅሽ ምን እየተማረች ነው አሉ?» ብትላት፣ ወለተ ሚካኤል የዋህ ናት፣ «መዝቀጥ ነው መሰለኝ» አለቻት።

«ውይ በሞትኩት! የመሪጌታ ልጅ መዝቀጥ?» አለች ታየች ጽዋዋን አስቀምጣ። «ለመዝቀጥ ደግሞ ምን ትምህርት ቤት ያስኬዳል? አራዳ ወርዶ አንድ ሳምንት ማምሸት አይበቃም?»

ማኅበርተኛው በሳቅ ፈረሰ። እኅቴም ሳቀች፤ ቤት ስትገባ ግን «ሌላ ቃል አጡለት?» ብላ አለቀሰች። ምስጢር ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እማዬ፣ የኔዎቹ ቅንጣቶች ኃጢአት የለባቸውም፤ ክብደት ብቻ ነው ያላቸው» አለቻት።

ላፕቶፗን ይዛ እኔ ቤት ትመጣ ነበር፤ የእኔ ቤት መብራት ከነሱ ይሻል ነበርና። ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ዳዊቴን እደግማለሁ። አንድ ቀን ምን እንደምታይ ጠየቅኋት። በላፕቶፑ መስኮት ላይ ጠርሙስ የመሰለ ነገር ተሥሏል፤ ውስጡ እንደ ጤፍ የደቀቁ ነጠብጣቦች ሞልተዋል።

«አክስቴ፣ ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ቅንጣት ይጠይቃታል። ምን ያህል ትከብጃለሽ? ፈሳሹ ምን ያህል ይዞሻል? ጎረቤትሽ ወዴት ሄደች? ስትመልስለት በፀጉር ስፋት ያህል ያንቀሳቅሳታል። ሁሉንም እንዲህ ጠይቆ ሲያበቃ እንደገና ከመጀመሪያዋ ይጀምራል።»

«እንደ ንስሐ አባት ነዋ!»

«እንደሱ ነው፤ ግን አይቆጣም።»

ጎረቤቷ ወዴት እንደሄደች ለምን እንደሚጠይቅ አልገባኝም ነበርና አሳየችኝ። አንዲት ቅንጣት ስትወርድ ፈሳሹን ገፍታ ከኋላዋ መንገድ ትከፍታለች። ተከትላት የምትመጣው በተከፈተው መንገድ ትፈጥናለች፣ ትደርስባታለች፣ ይሳሳማሉ፣ ከዚያ ተገላብጠው ይለያያሉ። ብዙ ሆነው ሲወርዱ ደግሞ እርስ በርስ ይተሳሰራሉ፤ ከጥምቀት ባሕሩ እንደሚመለስ ሕዝብ ማንም ለብቻው መፍጠን አይችልም። ይህን ሳይ ብዙ ሰው ትዝ አለኝ። መሪጌታ ወረደ፣ ልጁ በከፈተለት መንገድ ተከተለው፤ ደረሰበት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ለምስጢር ግን አልነገርኳትም።

መብራት ሲጠፋ የወር ድካሟ አብሮ ይጠፋ ነበር። «ቅዳሴ ተጀምሮ አይቋረጥም፤ የአንቺው ግን መብራት በሄደ ቁጥር ከደወሉ ይጀምራል» ስላት ትበሳጫለች። ኋላ ብልሃት አገኘችለት፤ ኮምፒውተሩ በየጊዜው እያንዳንዷ ቅንጣት የቆመችበትን ቦታ እንዲያስቀምጥ አስተማረችው። መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይነሣል።

በጥናቷ ውስጥ ሌላ ጥናት እንደነበረ ያወቅሁት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አስተማሪዎቿ የጠየቋት ስለ ቅንጣትና ስለ ፈሳሽ በጠቅላላው ነው። እሷ ግን ለብቻዋ የአንዱዓለምን ጠርሙስ ታሰላ ነበር። ወፍራሙን ሽሮፕ ብቻውን፤ ውሃ የተጨመረበትን፤ የቆመውን፤ የተነቀነቀውን። ከኔ አልደበቀችም። «እማዬ የጨመረችው ውሃ ባይኖር መድኃኒቱ ይወርድ ነበር ወይስ አይወርድም፣ እሱን ማወቅ እፈልጋለሁ» አለችኝ። «በውሃው እንዳይሆን ብዬ መቶ ጊዜ ለዋውጬ አየሁት። ውሃው ሲገባ ፈሳሹ ይቀጥናል፣ ይለቀዋል፣ መድኃኒቱም ቶሎ ይወርዳል። ሌላ መልስ አልሰጠኝም።»

«እናትሽ እንዳትሰማ» አልኳት።

«ከጠየቀችኝስ?»

ወለተ ሚካኤልን የማውቃት እኔ ነኝ። ይችን ሴት በእግሯ ያቆማት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለልጇ የምትችለውን ሁሉ አድርጋ፣ የሐኪሙንም የመልአኩንም ሰጥታ፣ የቀረውን እግዜር ማድረጉ ነው። ያን ከነጠቅሻት ምን ይቀራታል?

ጠየቀቻት። ዐቢይ ጾም ገብቶ፣ ከቅዳሴ ወጥተን ሦስታችን ተልባ እየጠጣን ነበር። ጨዋታ ለማምጣት ያህል «አንቺ ልጅ፣ ያ ዝልግልግ የምትይው ነገር ምንድን ነው?» አልኩ።

«ይኸው እጅሽ ላይ ያለው!» አለች ምስጢር። ደስ ሲላት ሁልጊዜም አስተማሪነቷ ይመጣባታል። ሁለት ብርጭቆ አመጣች። በአንዱ ተልባውን እንዳለ፣ በሁለተኛው ውሃ ጨምራ አድርጋ ከፊታችን አስቀመጠቻቸው። ወጋችንን ቀጠልን። ጥቂት ቆይተን ስናይ ወፍራሙ እንዳለ ነው፤ የቀጠነው ግን ላዩ ጠርቶ ደቃቁ ሁሉ ታች ተኝቷል።

«አየሽ አክስቴ? ያኛው ይዞታል፣ ይሄኛው ለቆታል።»

ወለተ ሚካኤል ብርጭቆዋን ወደ አፏ እየወሰደች ነበር። እጇ መንገድ ላይ ቀረ።

«ውሃ ሲጨመርበት ነው የሚወርድ?»

«አዎ እማዬ፣ ቶሎ ይወርዳል።»

«ማናቸውም ውሃ?»

ምስጢር ነገሩ ወዴት እንደሄደ ያኔ ገባት። በእግሬ ነካኋት። «ማናቸውም ውሃ» አለች በቀስታ።

«የሩፋኤሉም?»

ሌላ ሰው ቢሆን «እሱማ ይለያል» ብሎ ያልፈው ነበር፤ ማንስ ይፈርድበታል? እሷ አልቻለችም።

«የሩፋኤሉም፣ እማዬ።»

ወለተ ሚካኤል አልጮኸችም። ተነሥታ ብርጭቆዋን አጥባ ደፋችው። አልጋዋ ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ምስጢር እግሯ ሥር ተቀምጣ «እማዬ፣ አላለቀም እኮ፤ ቀሪውን ስሚኝ» ብትላት፣ «ቀሪ አለው?» አለችና ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጀ ሰላም አልገባችም። ጾሙን ያለ ቅዳሴ፣ ያለ ተልባ፣ በውሃ ብቻ ያዘችው። ሰውነቷ አልቆ ነጠላዋ ከበዳት። ምስጢር በየቀኑ ከሥራዋ ስትመለስ ላፕቶፗን ይዛ አጠገቧ ትቀመጣለች፣ እናቲቱ ዓይኗን ትጨፍናለች። «ይችን ሴት ልንቀብራት ነው» አልኩ በልቤ። ለምስጢርም «አየሽ አፍሽ ያደረገውን?» አልኳት። «አየሁ» አለችኝ። «ብዋሻት ግን እድሜ ልኬን ነበር የምዋሻት።»

የመጻጉዕ ሰንበት ደረሰ። በጾሙ መካከል ያለው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የአልጋ ቁራኛ የነበረው ሰው የሚታሰብበት ሰንበት ነው። እኅቴን በግድ አለበስኳትና ይዣት ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አልገባም ብላ ከወይራው ሥር ቆመች። ጠርሙሱን ያፈሰስኩበት ወይራ መሆኑን አታውቅም። የደብራችን ሰባኪ አባ ኪዳነ ማርያም በድምፅ ማጉያ ያስተምራሉ። ድውያኑ በመጠመቂያው ዙሪያ እንደተኙ፣ ውሃው ግን ዝም ብሎ ሳለ ማንንም እንዳላዳነ፣ መልአኩ ወርዶ ሲያናውጠው እንደነበር የሚድኑት፣ ይህን በየዓመቱ ሰምተነዋል። ወለተ ሚካኤል ያን ቀን ቀና አለች።

ሕዝቡ ሲበተን መንገዳቸው ላይ ቆመች።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጸበልን መናጥ ነውር ነው?»

«ማን አለሽ ልጄ?»

«ማንም አላለኝ። እኔው ነኝ ያልኩ።»

«መልአኩ ራሱ ካናወጠው ምን ነውር አለው? ቆሞ መች ፈወሰ?»

መስቀላቸውን ተሳልማ፣ መሬት ቁጭ ብላ አለቀሰች። በልጇ ቀብር ያላለቀሰችውን ይመስለኛል። ቤት ስንገባ ምስጢርን ጠራቻትና «ያን ቀሪ ያልሽውን አሳይኝ» አለቻት።

ምስጢር ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አደረገችላት። መስኮቱ ላይ አራት ጠርሙስ ጎን ለጎን ቆሟል። በመጀመሪያው ወፍራሙ ሽሮፕ ብቻውን ሳይነካ ቆሟል፤ ቅንጣቶቹ ቀስ ብለው፣ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። በሁለተኛው ውሃ ተጨምሮበት ቆሟል፤ ፈጥነው ይወርዳሉ። ሁለቱም መጨረሻቸው ታች ነው።

«ውሃው አፋጠነው እማዬ። ግን ውሃ ባይገባበትም፣ ቆሞ እስከዋለ ድረስ ይወርድ ነበር።»

ሦስተኛው ወፍራም ሆኖ የሚነቀነቅ ነው፤ አራተኛው ውሃ የገባበት፣ ግን የሚነቀነቅ። ምስጢር አራተኛውን ስትነካው ታች ተኝተው የነበሩት ቅንጣቶች እንደ ርግብ መንጋ ብር ብለው ተነሡ፤ ጠርሙሱን ከአፍ እስከ ታች እኩል ሞሉት። ወለተ ሚካኤል ጣቷን መስኮቱ ላይ አስጠጋች።

«በዚህኛው ውሃ አለበት?»

«አለበት።»

«መድኃኒቱ ግን እኩል ነው?»

«እኩል ነው።»

«ልጄ በዚህኛው ይተርፍ ነበር?»

ምስጢር «መድኃኒቱ ይደርሰው ነበር፤ ያን አውቃለሁ። ይተርፍ እንደሆነ ግን ይሄ ማሽን አያውቅም፣ እማዬ። እኔም አላውቅም» አለቻት።

«ያ ለእግዜር ይቅር» አለች ወለተ ሚካኤል። ቀጥላም «ለመሆኑ ዛሬ ስንት እናት ትሆን ጠርሙስ አቁማ የምትጸልይ?» አለች።

ከፋሲካ በኋላ ሦስታችን የደብራችን ሰው አያ ክንዱ በሚነዳት ማኪና ዳባትን፣ ደባርቅን አልፈን፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርደን ዛሪማ ገባን። ከዚያ በእግር የሚኬድበት ገደል ሥር አቦ የሚባል ጸበል አለ፤ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ከየአገሩ ይመጡበታል። ወለተ ሚካኤል በአንዱዓለም ጊዜ ልትወስደው ተመኝታ አቅም ያጣችለት ቦታ ነው። እዚያ እንደ ደረስን አንዲት የደጋ እናት፣ ወለላ ትባላለች፣ ልጇን ታቅፋ በነጠላዋ ሥር የሽሮፕ ጠርሙስ ደብቃ አገኘናት።

«ምነው ደበቅሽው?» አለቻት እኅቴ።

«ጸበል አድርጌበታለሁ እማማ። መሬት እንዳይነካብኝ ነው።»

«ነቅንቂው።»

«ኧረ በአቦ! ጸበል አለበት እያልኩዎ?»

«ቢኖርበትስ! መልአኩ ያናወጠውን አንቺ ምነው ፈራሽው? በይ፣ ነቅንቂው፣ ዓይኔ እያየ።»

ሴትዮዋ እየፈራች ነቀነቀችው። ከታች የተኛው ነጭ ነገር ተነሣ። ወለላ አፏን በእጇ ያዘች። ምስጢር ጎንበስ ብላ «ከእንግዲህ ጸበሉንና መድኃኒቱን ለየብቻ ስጭው። ይህንንም እንዳለ ጤና ጣቢያ ወስደሽ በአዲስ አስለውጪው፤ ሳያዩልሽ እንዳትሰጪው» አለቻት። አጠገባችን የነበረ አንድ ሽማግሌ «እንግዲህ ጸበል ቤቱ እርጎ መናጫ ሊሆን ነው!» ብሎ ቀለደ፤ ኋላ የልጅ ልጁን ጠርሙስ ይዞ የመጣው ግን እሱ ራሱ ነው።

ወለተ ሚካኤል ወደ ጎንደር አልተመለሰችም። በዚያው መነኮሰች። ስሟ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ነው፤ ጸበልተኛው ግን «እማሆይ ነቅንቁ» ነው የሚላት። ጠዋት ጠዋት በጎጆዎቹ መካከል እየዞረች «ነቅንቁ! ነቅንቁ!» ትላለች፤ ሕፃናቱ ከኋላዋ ተሰልፈው ያስመስሏታል፣ አትቆጣም። ጷጉሜ ሦስት ሲመጣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ትጮኻለች አሉኝ። ጥፋቷን ረስታ አይደለም። «እኔ ነኝ ያቆምኩት» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ፤ ታሪኩን ከራሷ ትጀምራለች። እንዲያ ስትነግራቸው ነው የሚሰሟት።

ምስጢር ጥናቷን ጨረሰች። መምህራኗ ሲያመሰግኗት በሰዉ መካከል ነበርኩ፤ የተናገሩት አልገባኝም፣ ያጨበጨቡት ግን ገባኝ። ጥቂት እንዳስተማረች እናቷ ታመመች ሲባል ሥራዋን ለቀቀችና ዛሪማ ወርዳ በትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ያዘች። «ኮምፒውተሩስ?» አልኳት። «ያቆምኩበትን አስቀምጬዋለሁ አክስቴ፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይነሣል» አለችኝ። እየቀለደች ነበር፤ ዓይኗ ግን አልቀለደም።

ከዚያ አገሩ ሰላም አጣ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቋረጠ። ወለተ ሚካኤል በሐምሌ ማረፏን የሰማሁት አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው። እዚያው ገደል ሥር አቦ ተቀበረች። ታላቂቱ ቀርቼ ታናሺቱ ቀደመችኝ። ለእኅቴ መቃብር አፈር አልበተንኩም፤ አሁን እንግዲህ ጉልበቴም ሊማሊሞን አይችልም።

አንድ ጊዜ ስልኩ ተከፍቶ ምስጢር ደወለችልኝ። ደህና ናት። ቅዳሜና እሑድ ወደ ጸበሉ እንደምትሄድ፣ ሁለት ብርጭቆ ተልባ አስቀምጣ ለእናቶች እንደምታሳይ ነገረችኝ። «አንቺንም ነቅንቁ ይሉሻል?» ብላት ሳቀች። «አይ፣ እኔን ምስጢር ነው የሚሉኝ» አለች። መስመሩ እዚያ ላይ ተቋረጠ።

ያ ጥሪ የመጣው ባለፈው ጥር፣ አስተርዮ ማርያም ሰሞን ነው። ምስጢር ወልደኢየሱስ ያኔ ዛሪማ ነበረች፤ ከገበያው በላይ በኪራይ ቤት ትኖራለች፣ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ታስተምራለች። ከዚያ ወዲህ የት እንዳለች አላውቅም።